ወደ ድኃ ደጅ ስለሚሄድ ትምህርት

አየር ጤና የሚባለው ሰፈር በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። በአስፋልቱ ዳርና ዳር ፎቆችና ሱቆች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከእነርሱ በስተኋላ ግን በጠባብ መተላለፊያ የሚገባባቸው ግቢዎች አሉ፤ በአንዱ ግቢ አምስትም ስድስትም ቤተ ሰብ እያንዳንዱ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እንዲህ ባለችው ክፍል አልጋው መቀመጫም ነው፤ ወጡ የሚሠራው ከደጅ ነው፤ መጽሐፍም ቢገኝ ወይ በራስጌ የተቀመጠ ዳዊት ወይ ቁርዓን፣ አለዚያም የታላቁ ልጅ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። አባት በማለዳ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ እናት የሰው ልብስ ታጥባለች ወይም እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ የሦስት ዓመቱ ሕፃን በግቢው መካከል ከውሃው ባልዲ ጋር ይጫወታል። ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ስለዚህ ሕፃን አእምሮ የሚጠየቀው ማን ነው?

ቀድሞ መልሱ አጭር ነበር፤ ወላጁ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የቀዳማይ ልጅነት ልማት ብሎ በሰየመው ሥራ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሠራተኞች ኑሯቸው ዝቅ ወዳለ ቤተ ሰቦች ቤት ለቤት እየሄዱ፣ እናት ካረገዘችበት ጊዜ ጀምሮ ልጁ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ አመጋገቡ፣ ስለ ጨዋታውና ስለ ንግግሩ እንዲመክሩ አድርጓል። ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በገጠር ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት በየጎጆው እየገቡ ያስተምሩ ነበር፤ ኋላም ሥራው ወደ ከተማ ገባ። ስለ ሰውነት ጤና የተከፈተው ደጅ አሁን ስለ አእምሮ ተከፈተ ማለት ነው።

የንባብ መጀመሪያው ሀሁ አለመሆኑን የትምህርት ሊቃውንት በብዙ ምርመራ ተረድተውታል። ሕፃን ፊደልን ከማየቱ አስቀድሞ ብዙ ቃል ሊሰማ፣ ሲጠይቅ ሊመለስለት፣ በግና በቅሎ በአንድ ድምፅ መጀመራቸውን በጆሮው ሊለይ ይገባዋል። ይህን ስንቅ ሳይዝ ከ231ዱ ፊደላት ፊት ቢቀመጥ ተራውን በቃሉ ሊወጣው ይችላል፤ ማንበብ ግን ይቸግረዋል። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምርመራ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ስንኳ በትክክል ሊያነቡ አልቻሉም። ጥፋቱ ሁሉ የቤት ነው ማለት ግፍ ነው፤ የመምህሩ ዝግጅት፣ የመጽሐፉ ማነስ፣ የክፍሉም መጨናነቅ ድርሻ አላቸው። ዳሩ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ውሎ አንዲት ቃል ይዞ አለመመለስ ለሕፃኑ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ የሚያስብ ሰው፣ ከትምህርት ቤት በፊት ያለውን ዘመን ችላ ሊለው አይችልም።

እንግዲህ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ወደ ድኃ ቤት ገብቶ እናትን «ልጅሽን እንዲህ አድርገሽ አጫውቺው፣ እንዲህ አድርገሽ አነጋግሪው» ይላት ዘንድ ምን ሥልጣን አለው? ባለጸጋው በግቢው በር ዘበኛ አቁሟል፤ ለልጁ ተረት ይንገር ወይም አይንገር የሚጠይቀው የለም። ልጁን ለሞግዚትና ለስልክ መስተዋት አስረክቦ ሲያመሽ ማንም መዝገብ ይዞ ደጁን አያንኳኳም። የድኃው በር ግን ዘበኛ የለውምና ለምክር ሁሉ ክፍት ነው ተብሎ ይታሰባል። በዚያውም ላይ በአንድ ግቢ ስድስት ቤተ ሰብ በሚኖርበት ስፍራ ወደ አንዲቱ ክፍል ብቻ የመንግሥት ሠራተኛ በየጊዜው ሲገባ፣ «እርሷ ልጇን ማሳደግ አቅቷት ነው» የሚል ሹክሹክታ መከተሉ አይቀርም። ችግርን በጎረቤት ፊት ምልክት አድርጎ መለጠፍ ቀላል በደል አይደለም።

ይሁን እንጂ በደልን ፈርቶ አለመግባትም ራሱ ምርጫ ነው፤ ዕዳውንም የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ሕፃን የሚወለድበትን ቤት አይመርጥም። የወላጅ ክብር እንዳይነካ ተብሎ የልጁ ዕድል ቢዘጋ፣ የአንዱ ክብር በሌላው ኪሣራ ተጠበቀ ማለት ነው። ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ ነገሩ በአንድ ቃል አይፈታም፤ የሚፈታውም፣ ቢፈታ፣ በአገባቡ ነው።

ይህን ለመረዳት በሩቅ አገር የሆነውን መመልከት ይጠቅማል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በድኆች ሰፈር የሚኖሩ፣ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ከፊሎቹ ከወተት የተዘጋጀ ምግብ ብቻ፣ ከፊሎቹ ጉብኝት ብቻ፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም አገኙ፤ የቀሩት ሁለቱንም አላገኙም። ጎብኚዎቹ ታላላቅ ሊቃውንት አልነበሩም፤ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ የአገሬው ሴቶች ነበሩ። በሳምንት አንድ አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት፣ ከተጣለ ዕቃ የተሠራ መጫወቻ ይዘው እየመጡ ከእናትና ከልጅ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ መጫወቻውንም ትተው ሄደው በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ይለውጡታል። ከሃያ ዓመት በኋላ የተደረገው ምርመራ በ2014 ዓ.ም. (በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር) ሲታተም፣ ጉብኝቱን ያገኙት ሰዎች ገቢ ካላገኙት 25 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ምግብ ብቻ ያገኙት ግን ከዘመን ብዛት በኋላ የሚታይ ልዩነት አላሳዩም። ይህ ማለት ምግብ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የተራበ ሕፃን አይጫወትም። ነገር ግን «አስቀድሞ ሆድ ይሙላ፣ ጨዋታው ቀስ ብሎ ይደርሳል» የሚለው ብልሃት የሚመስል አሳብ የተሳሳተ መሆኑን ያስረዳል።

ሥራው ሁልጊዜ ይሰምራል ብሎ መመካት ግን አይገባም። ፊሊስ ሌቨንስታይን የምትባል የሥነ ልቡና ምሁር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ የጀመረችው ጉብኝት፣ መጽሐፍና መጫወቻ በስጦታ እየሰጠ በእናት ፊት ከልጅ ጋር መጫወትን የሚያሳይ እንጂ እናትን የሚገሥጽ አልነበረም፤ ስለዚህም በብዙ ስፍራ ተወደደ። በቤርሙዳ ደሴት ተሞክሮ ውጤቱ በ1988 ሲታተም ግን ፍሬው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ በዚያ የነበሩት ሕፃናት ቀድሞውኑ መልካም ሁኔታ ላይ መሆናቸው ነው። የሚያስፈልገውን ሳይጠይቁ መስጠት ሰጪውን ያስደስታል እንጂ ተቀባዩን አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ያገራችንን የትምህርት ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በቀድሞው ዘመን ትምህርት ወደ ደጅ የሚመጣው አኩፋዳ ይዞ ነበር። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከበሩ ይቆማል፤ ከድኃውም ቤት ቢሆን ጥቂት ቁራሽ አይጠፋም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድኃው ቤት ሰጪ ነበር፤ ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው ሁሉ በገበሬው ሴት እንጀራ ቆሟል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ያች ሴት ሀሁ አታውቅም፤ ሆኖም የሊቃውንቱ ባለውለታ አልነበረችም፣ እነርሱ ነበሩ የእርሷ ባለ ዕዳ። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ትምህርት ከበሩ የሚቆመው ሊሰጥ እንጂ ሊለምን አይደለም፤ የልብስ አጣቢዋም እጅ የሚዘረጋው ለመቀበል ብቻ ሆነ። ሰው ምንጊዜም ተቀባይ ብቻ ሲሆን አንገቱ ይሰበራል፤ አንገቷ የተሰበረ እናት ደግሞ ልጇን ቀና ብላ ልታነጋግር አይቻላትም። ስለዚህ ጎብኚዋ እንደ ጥንቱ ተማሪ ባዶ አኩፋዳ ይዛ ብትመጣ ይሻላል፤ ይኸውም ቤቱ ያለውን አስቀድማ ብትለምን ነው።

ቤቱ ምን አለው? ቢባል፣ ተረት አለው፤ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚመልስ ምላስ አለው። እንቆቅልሽ ሕፃኑን ቃል ከነገር እንዲያነጻጽር ያስገድደዋል፤ አገር ስጠኝ እየተባለም ከተማ እስከ መስጠት ያደርሳል፤ የጨዋታው ሕግ ራሱ ትምህርት ነው። አባት ልጁን እስከ ሰባት ቤት የዘሩን ሐረግ ሲያስቆጥረው ቁጥርንም ታሪክንም ያስተምረዋል። እናት ቡና ስትቆላ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ብላ ተራውን ስታስነግረው ቅደም ተከተልን ማስያዟ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቤት ትምህርት የለበትም ተብሎ በመዝገብ ሲጻፍ የሚያሳፍረው ጸሐፊውን ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር አለ። በአየር ጤናና በአካባቢው ብዙ እናቶች በቤታቸው ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ ኦሮሚኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ልጃቸው በአማርኛ ትምህርት እንዳይቸገር ብለው በማያምርላቸው አማርኛ ሊያነጋግሩት ይሞክራሉ፤ ንግግራቸውም በ«ና»፣ «ሂድ»፣ «ተው» ያልቃል። ይህ ከቅንነት የመጣ ኪሣራ ነው። ሕፃን በእናቱ ቋንቋ የሰማውን ብዙ ቃልና የለየውን ድምፅ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል፤ በጎደለ አማርኛ ካደገ ግን ሁለቱንም ያጣል። እንደዚህ ያለው ፈተና በሰው አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንንም ደርሶባቸዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ በዚያ አገር በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በአቪማ ሎምባርድ አማካይነት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመ የቤት ለቤት ትምህርት ነበር፤ የኢትዮጵያውያንም ቤተ ሰቦች ገቡበት። በዚያ ሥርዓት ጎብኚዎቹ ራሳቸው የሰፈሩ እናቶች ናቸው፤ ልጁንም የምታስተምረው እናቲቱ እንጂ ጎብኚዋ አይደለችም፤ ጎብኚዋ አስቀድማ እንደ ልጅ ሆና ከእናቲቱ ጋር ትለማመዳለች። አዲሱን አገር ቋንቋ ለማታነበው እናት ከባድ ሸክም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የመምህርነቱን ወንበር አልነጠቃትም።

ካህናት የሆኑ አንባቢዎች ከዚህ ይልቅ የሚያውቁት ሌላ ጎብኚ አለ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። በድኃውም በባለጸጋውም ቤት ይገባል፤ የባልና የሚስቱን ጠብ፣ የዕዳውን ብዛት፣ የልጁን ነውር ያያል፤ ያየውን ግን ለጎረቤት አያወጣም። ቤቱ የሚከፈትለት ስለዚህ ነው። የዛሬዋ ጎብኚ ያየችውን በቅጽ ላይ ትጽፋለች፤ ቅጹም ከእርሷ እጅ ወጥቶ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል። ያለ መዝገብ ሥራው ሊመዘን እንደማይችል ግልጽ ነው፤ ነገር ግን «ባልየው ይጠጣል» የሚለው ቃል በማን ፊት እንደሚነበብ እናቲቱ ሳታውቅ የተጻፈ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ የሚከፈተው ሥጋን ለማስገባት እንጂ ልብን ለማስገባት አይሆንም። በሹክሹክታው ላይ ደግሞ አንድ ቀላል መድኃኒት አለ፤ ጎብኚዋ በግቢው ያሉትን ሕፃናት ሁሉ፣ የአከራዩንም ልጅ ጨምራ፣ ብታጫውት የአንዲቱ ክፍል ምልክትነት ይቀራል።

ስለ ጎብኚዋ ራሷ ደግሞ የሚናገርላት ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ እርሷም በእንዲሁ ዓይነት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ የሰው ልጅ ስታጫውት የእርሷ ልጅ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ዘንድ ይውላል። በቀን ይህን ያህል ቤት አዳርሺ ተብላ ቁጥር ከተቆረጠባት፣ ቤቱን ትቆጥራለች እንጂ ሕፃኑን አታየውም። በኪንግስተን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው የተጫወቱትን በዐሥር ደቂቃ ጨርሶ የእነዚያን ፍሬ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የእናቲቱም ጊዜ እንዲሁ ነው። ከአራት ቤት የመጣ ልብስ ቆልላ የተቀመጠች ሴት፣ እጇን አድርቃ ግማሽ ሰዓት ከልጇ ጋር መጽሐፍ ትግለጥ ቢሏት፣ ያን ጊዜ የምታጣውን ገንዘብ የሚተካላት የለም። ምክሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ጭካኔ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። አስተዋይ ጎብኚ ግን «እትዬ፣ አይነሡ፣ እዚያው ሆነው ይሥሩ» ብላ ከገበታው አጠገብ ቁጢጥ ትላለች፤ አንዱንም ካልሲ አንሥታ ሕፃኑን «ይህ የማን ነው? ጓደኛውስ የት አለ?» ትለዋለች። ሕፃኑ በአረፋው ውስጥ ይፈልጋል፤ እናቱም እያሸች «እሱ አይደለም፣ ትልቁን፣ ጥቁሩን» ትለዋለች።