የደም ምስክርነት

ሰው ሕመሙን ከቤተሰቡ ቢሰውር ዋሸ ይባላልን? በወጣትነቴ ብጠየቅ ኖሮ «አይባልም፤ ሕመሙ የራሱ ነውና» ብዬ በመለስሁ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ኋላም መምህር ሆኜ ለልጆች ስለ እውነት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን አንድ ሌሊት ደረቴን ጨምድዶ ይዞኝ ላብ ሲያጠምቀኝ፣ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ «ብርድ ነው፤ ተኚ» አልኋት።

ሲነጋ ልጄ በግድ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙም ጥቂት ደም ቀድቶ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ መረመረው። የዚህ ጥበብ መነሻ፣ አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ በ1962 እ.ኤ.አ. ኤንዛይምን ከኤሌክትሮድ ጋር አጣምሮ ስኳርን የሚለካበትን መንገድ ማሳየቱ ነው። የልብ ምርመራ ግን እንዲህ ነው፦ በልብ ጡንቻ ውስጥ ትሮፖኒን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። በመሣሪያው ላይ ይህን ፕሮቲን መርጦ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ፤ በተያዘውም መጠን የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይለወጣል። የሚለካውም በናኖግራም፣ ማለት በግራም ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። እኔ ብርድ ያልሁትን ደሜ ልብ ነው ብሎ መሰከረብኝ።

ነገር ግን ትሮፖኒን በኩላሊት ሕመምና በሌላም ምክንያት ከፍ ይላል፤ ሕመሙ ገና ሲጀምር ቢለካም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «መቼ ጀመረዎ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ደሜ ሊነግረው አይችልም። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ትናንት እኩለ ሌሊት» አልሁ። እርስዋም ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች።

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነው» የሚል ይኖራል፤ እኔም ብዬ ነበር። ራሴን ስመረምር ግን የሸሸግሁት ለእነርሱ አዝኜ ሳይሆን፣ ደክሞ መታየትን ፈርቼ ኖሯል። ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታልና፣ በዚያ ሌሊት በዝምታዬ ለአደጋ የሰጠሁት ራሴን ብቻ አልነበረም፤ የሚስቴን ባልና የልጆቼን አባት ጭምር ነው። ስለዚህ ለጥያቄው ዛሬ የምመልሰው «አዎን፣ ዋሸ ይባላል» ብዬ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። መሣሪያ ምንም ቢራቀቅ የሰውን ቃል አይተካምና፣ ደማችሁ ሳይመሰክርባችሁ አንደበታችሁ ይቅደም።