መምህርን ማረም ድፍረት ነውን?

ማረን መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኵሴ በ1644 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር)፥ 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከብዜቱ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው ቍጥር፥ ይኸውም 147573952589676412927፥ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ጻፈ። ቃሉን የሚያፈርስ ሳይገኝ ከ230 ዓመት በላይ ኖረ። በ1876 ኤድዋር ሉካስ ሌላ አካፋይ እንዳለው አስረዳ፤ አካፋዩን ግን አላገኘውም። (ሳያዩ ማወቅ በሒሳብም አለ።) በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል 193707721 በ761838257287 ሲባዛ ያው ቍጥር እንደሚሆን አሳየ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች መምህሩን ደፈሩትን? አልደፈሩትም እንላለን። ቍጥሩ የመነኵሴው ገንዘብ አልነበረምና፥ ስለ እርሱ ክብር ሳይካፈል ሊቀር አይችልም። ዝምታን አክብሮት የሚሉ ተማሪዎች ግን መምህራቸውን ከነስሕተቱ ይተዉታል። ያረሙትስ ስሙን አልነጠቁትም፤ እንዲህ ያሉት ቍጥሮች ዛሬም የመርሴን ቍጥሮች ይባላሉ።