መዝገቡም አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አማና ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ገንዘብ ነው። ጎረቤት መንገድ ሲሄድ በአደራ ያስቀመጠው ብር፣ የየቲም ንብረት፣ የመስጊድ ሒሳብ። የጀምዓው ገንዘብ ያዥ መቶ ብር ቢያጎድል ሒሳቡ ይመርመር እንላለን፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተገልጦ የሚውለው የተረጂዎች መዝገብስ? በውስጡ የማንኛዋ እናት ባል ጥሏት እንደሄደ፣ የማን ልጅ በምን በሽታ እንደተያዘ፣ በማን ቤት ምድጃ ሳይነድ እንደሚያድር ተጽፏል። ገቢ ወጪው ሲያገላብጠው «አማና ተጓደለ!» ብሎ የጮኸ ሰው ሰምተን እናውቃለንን?

ይህን ጥያቄ እንዳነሳ ያስገደደኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ጊዜው ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች ከተማዋን ያጨናነቁበት ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለተፈናቃዮችና ለከተማው ችግረኞች እህል ያከፋፍላል። ኃላፊው በቅንነት መዝገቡን አቀበለኝና «ሁሉም እዚህ አለልህ» አለኝ። እኔም የአንዲት እናትን ታሪክ ገልብጬ ከነስሟና ከነቀበሌዋ ጻፍኩት። ማኅበሩም እኔም ፈቃዷን አልጠየቅናትም። በኋላ ስንገናኝ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ስንዴውን ለልጆቼ ብዬ ተቀበልኩ። ስሜን ግን ለማን ብለህ ሰጠህብኝ?» ብቻ አለችኝ። በሚቀጥለው እደላ ስሟ ሲጠራ አልነበረችም። ከእህሉ አንዲት ፍሬ አልወሰድኩም፤ የልጆቿን ድርሻ ያስቀረሁት ግን እኔ ነኝ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 273 ስለ እንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች ይነግረናል። ከጨዋነታቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ይመስሉታል፤ ሰውን አጥብቀው አይለምኑም። የዋግ ሕዝብ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ያለውን አቅርቦ የጎደለውን ይሸፍናል። ይህ ሕዝብ ደግሞ ለመዝገብ አዲስ አይደለም። የ1958ቱንና የ1977ቱን ረሃብ አይቷል። ከ1997 ዓ.ም ወዲህ በሴፍቲኔት ሲመዘገብ ኖሯል። በ2007 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የተገባው ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። ከዚያ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱም በኋላ የ2015 እና የ2016ቱ ድርቅ ተከታተለ። መከራ በመጣ ቁጥር መዝጋቢም አብሮ ይመጣል። አንድ አባወራ ስሙን ለቀበሌ፣ ለእርዳታ ድርጅት፣ ለእድርና ለጀምዓ ይሰጣል። ዛሬ የስልክና የፋይዳ ቁጥሩ፣ ፎቶግራፉም ተጨምሯል። ድሮ ደብተሩ በሳጥን ተቆልፎ ያድር ነበር። ዛሬ በሞባይል ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ሲለቀቅ ከሰቆጣ ተነስቶ ጅዳና ዋሽንግተን ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ወንድሞችና እህቶች፤ ነገሩ የሐፍረት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጦርነት በሚመላለስበት አገር ማን ከየት እንደመጣ፣ ልጁ የት እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳስጠጋ የሚናገር ወረቀት በክፉ እጅ ከገባ የሰው ሕይወት ያስጠፋል። በሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም መታወቂያ ላይ የሰፈረው የብሔር ስም በየኬላው ሟችን ከተራፊ መለያ ሆኖ አገልግሏል። ያንን መታወቂያ ያዘጋጁት ሰዎች ዓላማ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የተጻፈ ነገር ግን ጸሐፊው ባላሰበው እጅ ይገባል።

ታዲያ አንመዝግብ ማለት ነውን? አይደለም። ኢስላም የመዝገብ ጠላት አይደለም። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 282 ብድር እንዲጻፍ ታዟል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የሙስሊሞች ድርሻ የሚከፈልበትን ዲዋን አቋቁመዋል። ጥያቄው መዝገቡን ማን ያየዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ከሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሙናፊቆችን ስም ለእርሳቸው ነግረዋቸው ስለነበር «የምስጢር ባለቤት» ተብለው ይታወቃሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ለነፍሳቸው ፈርተው «እኔ ከእነርሱ ነኝን?» ሲሉ ጠየቋቸው። ሑዘይፋ አለመሆናቸውን ነገሯቸው፤ ከእርሳቸው ሌላ ግን ለማንም እንዲህ ያለ መልስ እንደማይሰጡ አስታወቁ። እንመልከት! ባለቤቱ ስለ ራሱ ሲጠይቅ ተነገረው፤ የሌሎች ስም ግን ተሸሸገ። የተሸሸገውም የሙናፊቆች ስም ነው። የጠላት ስም እንዲህ ከተጠበቀ የድሃ እናት ስም ምን ያህል ሊጠበቅ ይገባው ይሆን?

አንዳንድ ወንድሞች «ስሙ በአደባባይ ካልተነበበ ሌባ ይገባበታል» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ2015 ዓ.ም ሰኔ ወር እህል ከተረጂው አልፎ ወደ ገበያ ሄደ ተብሎ የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ በሌባው ምክንያት የተራበው ምስኪኑ ነው። በሴፍቲኔትም የተመረጡት ሰዎች ስም ለሕዝብ የሚገለጸው አድልዎን ለመከላከል ነው። እኔ የምለው ሚዛኑን እንለይ ነው። ስንት ኩንታል ገባ፣ ለስንት ቤተሰብ ተሰጠ፣ መምረጫው ምን ነበር የሚለው በአደባባይ ይነገር፤ ኮሚቴው አይደበቅ። የሕመሟ ስም፣ የፍቺዋ ምክንያት፣ የፋይዳ ቁጥሯ ግን የአደባባይ ነገር አይደለም። ሌባን ለመያዝ የድሃን ገመና መግለጥ አያስፈልግም። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 271 ምጽዋትን መግለጽም መልካም መሆኑን ገልጾ፣ ሸሽጎ ለድሃ መስጠት ግን የበለጠ መሆኑን ያስተምረናል። በግልጽ ይስጥ የተባለው ሰጪው ነው፤ ተቀባዩ በፎቶ ይውጣ የተባለበት ቦታ የለም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አልራቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው መረጃ ለተነገረለት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ የጤናና የሃይማኖት መረጃ በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። ለሙእሚን ግን ሕጉ ሁለተኛ አስታዋሹ ነው። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 የሰውን ነውር መከታተልንና ማማትን ከከለከለች 14 ክፍለ ዘመን ያህል ሆኗታል።

እንግዲህ በሰቆጣም ሆነ በሌላ ከተማ ጀምዓ፣ እድር ወይም የወጣት ማኅበር የያዝን ሁሉ ከነገ ጀምሮ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ለ15 ኪሎ ስንዴ የማያስፈልገንን ጥያቄ አንጠይቅ። ስሙን ከመጻፋችን በፊት ለምን እንደምንጽፈውና ማን እንደሚያየው በሚገባው ቋንቋ፣ ኽምጣና ተናጋሪ ከሆነም በኽምጣና፣ እንንገረው። መዝገቡን ቆልፈን ቁልፉን የያዘው ሰው ይታወቅ። ተረጂን ያለ ፈቃዱ ፎቶ አናንሳ፤ ስንዴው በእጃችን ሆኖ የምንጠይቀው ፈቃድም ፈቃድ አይደለምና አስቀድመን እንጠይቅ፤ እምቢ ቢል እህሉ አይቅርበት። ሥራው ሲያልቅ የማያስፈልገው ወረቀት ይቃጠል እንጂ የሱቅ ስኳር መጠቅለያ አይሁን። ጋዜጠኞችም «መዝገቡ ይኸውልህ» ስንባል መዝገቡን እንመልስና ባለቤቷን እንጠይቅ።

የሌላውን ነውር በዱንያ የሸፈነ አላህ በአኺራ ነውሩን እንደሚሸፍንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሁላችንም ነገ የራሳችን መዝገብ የሚገለጥበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ነውራችን እንዲሸፈን የምንሻ ከሆነ ዛሬ በእጃችን ያለውን ደብተር እንዝጋ።

አላህ ከአማና ጠባቂዎች ያድርገን፤ በማወቅም ባለማወቅም የገለጥነውን ይቅር ይበለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።