ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ባለፈው ክረምት በመቀሌ ከተማ የጁምዓ ሶላት ሰግጄ ከዓይደር ወደ መሐል ከተማ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አስፋልቱ ላይ ውኃ ተኝቶበት ጉድጓዱና ደህናው መንገድ አይለይም። ወጣቱ ሾፌር ድንገት መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘው። እኛ ከጉድጓዱ ዳንን፤ በመንገዱ ዳር ጄሪካን ይዘው ይሄዱ የነበሩ እናት ግን ለጥቂት ተረፉ፣ ነጠላቸውም በጭቃ ተበላሸ። ጮኹበት። እርሱ አልቆመም። «ለምን ይቅርታ አትጠይቃቸውም?» ስለው፣ «ሓወይ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ያጠፋው ጉድጓዱ ነው» አለኝ።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል፤ ለእርሱ የምትተርፈውን ደግሞ ጎማና ኩሽኔታ ይበሉበታል። ማታ ወገቡን እያመመው ይተኛል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ውድ አንባቢያን፣ በእርግጥ ያጠፋው ጉድጓዱ ነውን? የቂያማ ዕለት ጉድጓድ ለሒሳብ አይቀርብም፤ የሚቀርበው ሰው ነው። ታዲያ የዚያችን ነጠላ ሒሳብ ማን ይከፍላል?

የፊቅህ ሊቃውንት በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ ፈቃድ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው፣ ሌላው ወድቆበት ቢጎዳ ካሳው በቆፋሪው ላይ እንደሆነ ጽፈዋል። ነገሩ ግልጽ ነው። የእኛን መንገድ ግን አካፋ ይዞ የቆፈረው ሰው አላየንም፤ «ዝናብ ነው የቆፈረው» እንላለን። እስቲ ዝናቡ እንዴት እንደሚቆፍር እንመልከት። ውኃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ገብቶ ከሥር ያለውን አፈር ያላላል፤ ከላይ የመኪና ክብደት ሲያርፍበት ይሰምጣል፣ ይፈነቀላል። ውኃው መንገድ ላይ የሚተኛው ደግሞ ቦዩ ስለተደፈነ ነው። ቦዩን የደፈነው ምንድን ነው? ከሱቃችን የወጣ ፌስታል፣ ጠጥተን የወረወርነው የውኃ ፕላስቲክ፣ ቤት ስንሠራ መንገድ ላይ አራግፈን ዝናብ የወሰደው አሸዋ ነው። የውኃ ቧንቧ ለማስገባት አስፋልት ቆርጦ በአፈር ብቻ ሸፍኖት የሚሄድም አለ። ስለዚህ ቆፋሪ የለም ማለት ውሸት ነው። ቆፋሪው ብዙ ስለሆነ ነው የማይታየው።

እርግጥ ነው፣ መቀሌ ከሌሎች ከተሞች የተለየ መከራ አይታለች። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በነበረው ጦርነት፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ኖሯል። ዳቦ ያጣ ሰው መንገድ አልጠገነም ተብሎ አይወቀስም። ችግር ፍርድን ያቀላል። የሰውን ሐቅ ግን አይሽርም። የባጃጁ ልጅም ጉድጓዱን በመሸሹ አይወቀስ ይሆናል፤ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመምጣቱና ሳይቆም በማለፉ ግን ይጠየቃል። እዚያ ላይ ጉድጓዱ አልያዘውም።

ባለሥልጣንስ? ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በመዲና ተቀምጠው፣ በዒራቅ ምድር አንዲት በቅሎ መንገድ ሳይስተካከልላት ቀርቶ ብትሰናከል አላህ (ሱ.ወ) ይጠይቀኛል ብለው ይፈሩ እንደነበር ይነገራል። ልብ በሉ፣ ስለ በቅሎ ነው የፈሩት። በአገራችን በ1989 ዓ.ም የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ለመንገድ ጥገና ገንዘብ እንዲሰበሰብ ተደንግጓል። ሾፌሩ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ለመንገዱ ከፍሏል ማለት ነው። የከፈለው ገንዘብ በተረካቢው እጅ አማና ነው። ይህን መጠየቅ መብቱ ነው፤ መመለስም የኃላፊው ግዴታ ነው።

ነገር ግን መንግሥትን ጠይቀን ስናበቃ የእኛ ድርሻ አብሮ አያበቃም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኢማን ከስድሳ ወይም ከሰባ የሚበልጡ ክፍሎች እንዳሉት፣ ከፍተኛው የተውሒድ ቃል፣ ዝቅተኛው ደግሞ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ መሆኑን አስተምረዋል። ዝቅተኛው መባሉ ቀላልነቱን ለማሳየት ነው፤ ቢተውም ግድ የለም ለማለት አይደለም። ፈርድ ኪፋያ የሚባለውንም እናውቃለን፤ ጥቂቶች ከሠሩት ከሁሉም ላይ ይነሳል፣ ማንም ካልሠራው ሁሉም ወንጀለኛ ይሆናል። ሠፈርተኛው ሁሉ እየዘለለው የሚያልፈው ጉድጓድ ከዚህ በምን ይለያል?

አንድ የጭነት መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ ያስጠነቅቃል። መልካም ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። በሌሊት የሚመጣው ሞተረኛ ምን ይሆናል? እኔም እንዲህ ያለ ድንጋይ በእግሬ ስሄድ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ለሶላት እንዳልዘገይ እየተጣደፍኩ ያለፍኩበትም ጊዜ አለ። ወደ አላህ ስሮጥ አንዱን የኢማን ክፍል ረግጬ መሄዴን ያኔ አላስተዋልኩም።

ከሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ ጉድጓዱ ውስጥ አሮጌ ጎማ ቆሞ፣ ጎማው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተሰክቶ አየሁ። ያደረገው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ጉድጓዱ አልተደፈነም፤ አሁን ግን ሁሉም ከሩቅ ያየዋል፣ ሾፌሮችም ቀስ ብለው ያልፋሉ። የአካፋና የአስፋልት ጉዳይ ከኃላፊዎቹ ይጠበቃል። ቅርንጫፍ ለመስበርና ፌስታልን ከቦይ ለማንሳት ግን በጀት አያስፈልግም። ያ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ሰደቃውን ሰጥቶ ሄዷል። እኔ በዚያ ሳምንት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ስለ ጉድጓዱ ማውራት ብቻ ነበር።

ወላሁ አዕለም።