ከግድቡ በላይ የሚያርሰው ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወቀሰው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቀጥሎም ዝናቡ። ከለገዳዲ ግድብ በላይ የሚያርሰውን ገበሬ ግን ማን ያነሳዋል? ከተነሳም ለክስ ነው። ተዳፋቱን አርሶ ደለል ለቀቀብን፣ ከብቱ ወንዙን አደፈረሰብን ይባላል።

ክሱ መሠረት የለውም አልልም። የለገዳዲ ውሃ በክረምት ደፍርሶ ስለሚገባ ለማጥራት ብዙ ኬሚካል ይፈጃል። ጭቃው ከማሳ ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። ለእኛ ለከተሜዎቹ ቆሻሻ የሆነው ይህ አፈር ለገበሬው የልጆቹ እንጀራ ነበር። እንግዲህ የፕላን ባለሙያው በግድቡ ዙሪያ እርሻና ግጦሽ ይከልከል ቢል ትክክል ነው። ግን በማን ኪሳራ? ማሳው ከከተማዋ አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ገበሬው በከተማዋ ምክር ቤት ድምፅ የለውም።

የፊቅህ ሊቃውንት ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደሉም። በውሃ ጉድጓድ ዙሪያ የሚከለለውን ቦታ «ሐሪም» ይሉታል፤ ውሃውን የሚያጎድል ነገር እዚያ ውስጥ ማድረግ አይፈቀድም። ይሁን እንጂ ሐሪም የሚጸናው ባለቤት በሌለው ጠፍ መሬት ላይ ለተቆፈረ ጉድጓድ ነው እንጂ በሌላ ሰው ይዞታ ላይ አይዘረጋም።

እርግጥ ማንም ሰው በይዞታዬ ነው ብሎ ሌላውን መጉዳት አይችልም። ወንዝ ውስጥ መርዝ የሚደፋ ሰው እንዲተው ካሣ ሊጠይቅ አይገባውም። ግን አባቱ ያረሰውን ተዳፋት የሚያርስ ሰው ከዚህ ጋር አንድ ነው? ግድቡ የመጣው እኮ እርሻው ካለበት በኋላ ነው! ማረሱን ጉዳት ያደረገው የእኛ መጠማት ነው።

ኒውዮርክ ለግድብ ብላ መንደሮችን ያስነሳች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ከካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ተፈራርማ፣ የገበሬው ፍግ ወንዝ እንዳይገባ ለሚሠራው ሥራ ገንዘቡን ራሷ መክፈል ቀጠለች። ለጽድቅ አይደለም፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚፈጅ ማጣሪያ ላለመሥራት ነው። ቢሆንም ገበሬው ተጠቅሟል።

እኛስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ አንድ ሊትር እንኳ በማይሞላ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር እያወቅን እጅጌያችንን እስክንሰበስብ ቧንቧውን ከፍተን እንተዋለን። (ይህን የምጽፈው ሰውዬ ጭምር።) እንዲህ እያፈሰስን ገበሬውን ማሳህን ልቀቅ ለማለት ምን አፍ አለን?

በወር የውሃ ሂሳባችን ላይ የገበሬው ድርሻ የሚል መስመር ቢጨመር እኔ እከፍላለሁ። ጭማሪው ግን ጄሪካን ይዛ ቦኖ ከምትሰለፈው እናት ላይ አይጀመር። በንጹሕ ውሃ መኪና ከሚያጥበውና ግቢውን ከሚያርሰው ይጀመር።