ስለ ጆሮ የሚቆስል ጎን

አካል ለሰው የተሰጠ አደራ ነው የሚል ሃይማኖት ሁሉ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም አንዱን የአካል ክፍል ለማቃናት ሲባል ጤነኛ የሆነውን ሌላ ክፍል መቁረጥ ይገባልን የሚለው ነው። የበሰበሰ እግር ቆርጦ ነፍስን ማትረፍ ብዙ ክርክር አያስነሣም፤ የሚቆረጠው ክፍል ራሱ የአደጋው ምንጭ ነውና። ከጎድን ልም አጥንት ጆሮ ወይም አፍንጫ የሚሠራበት ቀዶ ሕክምና ግን ጥያቄውን ያከብደዋል፤ እዚህ ላይ የሚቆስለው ጎን አንዳች ሕመም የለበትም፣ የሚገኘውም ጥቅም በአብዛኛው መልክ እንጂ ሕይወት አይደለም።

ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ልም አጥንት፣ ከአጥንት የለሰለሰ ከሥጋ ግን የጠነከረ፣ በስለት የሚቀረጽ ነጭ አካል ነው። ከ12ቱ ጥንድ የጎድን አጥንቶች የላይኞቹ 7 ጥንዶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ልም አጥንት ከደረት አጥንት ጋር ሲያያዙ፣ ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ደግሞ ከበላያቸው ባለው ልም አጥንት ላይ ይጋጠማሉ። ይህ አካል የደም ሥር ስለሌለውና ምግቡን በዙሪያው ካለው ፈሳሽ በዝግታ ስለሚስብ፣ ከቦታው ተነሥቶ በሌላ ቦታ ከቆዳ ሥር ቢቀመጥ በሕይወት መቆየት ይችላል፤ ከራሱ ከታካሚው የተወሰደ በመሆኑም ሰውነቱ እንደ ባዕድ አይገፋውም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሃሮልድ ጊሊስ በእንግሊዝ አገር ሲድካፕ በተባለ ስፍራ በነበረው ሆስፒታል ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ሲያክም በዚህ ልም አጥንት ተጠቅሟል። አሜሪካዊው ራድፎርድ ታንዘር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ማይክሮሺያ ላለባቸው ልጆች፣ ማለትም የውጭ ጆሯቸው ሳይሟላ ለተወለዱት፣ ከጎድናቸው ጆሮ የሚሠራበትን መንገድ አሳየ፤ በኋላም ጃፓናዊው ሳቶሩ ናጋታና ሌሎች አሻሻሉት። በተለመደው አሠራር የጆሮው መሠረት ከ6ኛውና ከ7ኛው፣ ጠርዙ ከ8ኛው ጎድን ይቀረጻል፤ ቁርጥራጮቹ በቀጭን ሽቦ ተሰናኝተው ከቆዳ ሥር ከገቡ በኋላ፣ ቆዳው በእያንዳንዱ ጎድጓዳና ጉብታ ላይ እንዲለጠፍ በቱቦ አየሩና ፈሳሹ ይመጠጣል። ልም አጥንቱ በውስጡ የተመጣጠነ ውጥረት ስላለው፣ አንዱ ገጽ ብቻ ከተላጠ ያልተላጠው ወገን ስቦ ያጎብጠዋል፤ ጊብሰንና ዴቪስ የተባሉ ሐኪሞች ይህን እ.ኤ.አ. በ1958 ካሳዩ ወዲህ ቀራጩ ሁለቱንም ወገን አመጣጥኖ መቅረጽ እንዳለበት ይታወቃል።

ከጎን ስለ ተወሰደ አካል መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበረው የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ የሔዋንን አፈጣጠር ሲመረምር፣ የተወሰደው ጎድን ትርፍ ከነበረ የአዳም አካል ከልኩ ያለፈ ነበር፣ አስፈላጊ ከነበረም ሲወሰድበት ጎደሎ ሆኗል የሚል ተቃውሞ አንሥቶ፣ ጎድኑ የአዳም ምሉዕነት ክፍል የሚሆነው አዳም እንደ አንድ ግለሰብ ሳይሆን እንደ ሰው ዘር ምንጭ ሲታይ ነው ሲል መልሷል። ወንድ በአንድ ጎድን ያንሳል የሚለውን የሕዝብ እምነት አንድሬያስ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው የአካል ጥናት መጽሐፉ ቢያፈርሰውም፣ የአኩዊናስ ሐሳብ በዚህ አይወድቅም፤ ምሉዕነት የሚለካው በቁርጥራጮች ቁጥር ሳይሆን እያንዳንዱ በቆመለት ዓላማ ነውና።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ይህንኑ ወደ ሕክምና ሥነ ምግባር አምጥተው፣ ሰው የአካሉ ፍጹም ጌታ ሳይሆን ተጠቃሚ መሆኑን፣ ሆኖም ክፍሉ የቆመው ለሙሉው ስለሆነ የሙሉው ጥቅም ሲያስገድድ ክፍሉን አሳልፎ መስጠት እንደሚችል አስረድተዋል። ነገር ግን «ሙሉው» ምንድን ነው? ሙሉው ማለት የሚሠራ ሥጋ ብቻ ከሆነ የጆሮው ቀዶ ሕክምና ፈተናውን አያልፍም፤ የተሠራው ጆሮ መነጽር ቢይዝም፣ የመስማት ችግር ካለ እርሱ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል፣ ደረቱ ግን ሕመምና ጠባሳ፣ አልፎ አልፎም የቅርጽ መዛባት ይተርፈዋል። ስለዚህ ሕክምናው ትክክል የሚሆነው ሙሉው ማለት ሰውየው ራሱ፣ ከሌሎች ጋር ፊት ለፊት የሚኖረው ፍጡር፣ ነው ከተባለ ብቻ ነው።

የነበረን መመለስ አንድ ነገር ነው፣ ተፈጥሮ ያልሰጠችውን መጨመር ግን የፈጣሪን ሥራ ማረም ነው የሚል ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። በእስልምና ትውፊት ነቢዩ ሙሐመድ በጦርነት አፍንጫውን ላጣው አርፈጃ ለተባለ ሰው የወርቅ አፍንጫ እንዲያደርግ እንደ ፈቀዱለት ይነገራል፤ ይህ ግን የጠፋን መተካት ነው። ላልነበረው የሚቀርበው ክርክር ከቅዱስ አውግስጢኖስ ሊገኝ ይችላል፤ እርሱ በትንሣኤ ጊዜ አካለ ጎደሎ ሆነው የተወለዱት ያለ ጉድለት እንደሚነሡ፣ የሰማዕታት ጠባሳ ግን ለክብር ሊቀር እንደሚችል አስተምሯል። በዚህ አነጋገር ያልበቀለው ጆሮ ሰው ለተባለው ፍጡር የታሰበ ነገር ነው፤ ለልጁ ጆሮ መሥራትም የተፈጥሮን ዓላማ መከተል እንጂ መሻር አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይኸው መልስ አደገኛ ወገን አለው፤ ልዩ ሆኖ የተወለደ ሁሉ መታረም ያለበት ስሕተት ነው ወደሚል ፍርድ በቀላሉ ይንሸራተታል። የሰው ዓይን ያሸማቀቀው ልጅ ጎኑን ማቁሰል የተመልካቹን ጥፋት ለተመልካቹ መተው ሲገባ በልጁ ሥጋ ላይ መክፈል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎኑ የሚቆስልበት ሰው ፈቃድ ከወላጅ ፈቃድ ጋር አብሮ መመዘን አለበት። ሕክምናው ራሱ ለዚህ ጊዜ ይሰጣል፤ በቂ ልም አጥንት እስኪያድግ ድረስ አንዳንድ ሐኪሞች 6 ዓመት ገደማ፣ የናጋታን ስልት የሚከተሉት ደግሞ ልጁ 10 ዓመት እስኪሞላውና የደረቱ ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ይጠብቃሉ፤ በእነዚህ ዓመታት ልጁ ስለ መልኩ የሚያስበውን መናገር ይጀምራል። ክፍል ለሙሉው ይሠዋል የሚለው ሕግ የሚጸናው ሙሉው ሰው ሲጠየቅ ነው፤ ልጁ አልፈልግም ቢል፣ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጠበብ፣ ጤነኛውን ጎን ለመክፈት የቀረው ምክንያት የሌሎች ዓይን ብቻ ይሆናል፣ ያም ምክንያት አይበቃም።