ከቃና እስከ ቅፍርናሆም ያለው መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በስደት የምትገኙ የእግዚአብሔር ልጆች፣

ባለፈው አርብ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን ሰው እስኪበተን ጠብቃ «አባቴ፣ የእናቴን ጭንቅላት ሊከፍቱት ነው» አለችኝ። (በንስሐ የነገረችኝ አይደለም፤ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች።) ወንድሞቿ «ትንሽ ራሷን አሟት ነው» እያሉ ሁለት ወር ደብቀዋታል። እውነቱን የሰማችው ከጎረቤት ልጅ በኢሞ ነው። ሐኪሞቹ በኤም.አር.አይ ያዩት ነገር አለ፤ ምንነቱ ግን ገና አልታወቀም። ዕጢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ አንጎል ውስጥ የሚያመጣው እብጠትም በምስሉ ላይ ዕጢ ሊመስል ይችላል። ዕጢ ቢሆን እንኳ ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቀዶ ጥገናው ተደርጎ ናሙናው እስኪመረመር ድረስ እርግጡን የሚናገር የለም። እርሷ ግን ሌሊቱን ስልኳ ላይ ስታነብ አድራ በእናቷ ላይ የሞት ፍርድ ፈርዳለች።

«ኮንትራቴ አላለቀም፣ መሄድ አልችልም። ለሕክምናው የምልከውም እኔ ነኝ። ሌላው ያስታምማታል፣ እኔ የሰው ቤት እጠርጋለሁ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

ወዲያው መልስ አልነበረኝም። እኔም የአባቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈውን የንጉሥ ቤት ሹም ታስታውሳላችሁ። ልጁ በቅፍርናሆም ታሞበት ጌታን ፍለጋ ወደ ቃና ዘገሊላ መጣ። የለመነው ጌታ አብሮት እንዲወርድ ነበር። ጌታ ግን አልወረደም፤ ቃሉን ሰጥቶ አሰናበተው። እኛ ስናነበው ቶሎ ወደ ፈውሱ እንሮጣለን። እስቲ ከዚያ በፊት መንገዱ ላይ ትንሽ እንቁም። አገልጋዮቹ ሊቀበሉት ወጥተው ሲያገኙት፣ ንዳዱ የለቀቀው ትናንት በሰባት ሰዓት እንደሆነ ነገሩት። ይህም በሀገራችን አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ እዚህ አንድ ሰዓት የሚሉት። እንግዲህ ያ አባት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አገልጋዮቹ እስኪያገኙት ድረስ ምንም ወሬ ሳይሰማ ተጉዟል። በእጁ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ጌታ ቤቱ አልገባም፣ በሕፃኑ ላይ እጁን አልጫነም፤ ሆኖም ርቀቱ አልከለከለውም።

ልጄ፣ አንቺም አሁን ያለሽው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ስል እናትሽ በእርግጥ ትድናለች ብዬ ቃል መግባቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል የሚገባ ሰባኪ ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ልብሱ እንኳ ድውያንን ይፈውስ የነበረው ቅዱስ ጳውሎስ ወዳጁን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ ይህንንም በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ላይ ራሱ ጽፎታል። ጥሮፊሞስ ይዳን አይዳን መጽሐፉ አይነግረንም። ጳውሎስ ስለማይወደው አልተወውም። የተላከበት ነገር ነበረው፣ ሄደ። ዕቃ እያጠብሽ የምትልኪው ገንዘብ ማስታመም ነው። አልጋዋ አጠገብ የሚቀመጠው ወንድምሽም ያስታምማል፣ አንቺም ታስታምሚያለሽ።

ስለ መድኃኒቱ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። «ጸበል ከጀመረች ኪኒኑን ታቁም» የሚሉ ዘመዶች አሉ። እኔ የጸበል ልጅ ነኝ፣ ያደግሁትም በዚያው ነው። ነገር ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ሆነ የአንጎል እብጠት መቀነሻ በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የፈውሱን ቃል አምጥቶለት ሲያበቃ፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዟል። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። ጸበሉም ይጠጣ፣ ኪኒኑም ይዋጥ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ደግሞ የንስሐ አባቷ ይጠሩ። ቀንዲል ለሚሞት ሰው ነው የሚባለው ወሬ ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብ የጻፈው ለታመመ ነው። ካህን ሲገባ አይታ «አለቀልኝ» እንዳትል ቀድማችሁ ንገሯት።

ይህ መልእክት ሀገር ቤት ላላችሁ ወንድሞች ከደረሰ፣ እባካችሁ አትደብቁ። የእኛ ሰው መርዶ እንኳ ሲያረዳ ዘመድ ሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። በሰው ወጥ ቤት ብቻዋን ቆማ በኢሞ የሰማች ልጅ ግን ማን ይደግፋታል?

ቀዶ ጥገናው የፊታችን ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፣ በሀገር ቤት አቆጣጠር። የእናቲቱን ስመ ክርስትና ይዣለሁ፤ በጸሎት አነሣዋለሁ። እናንተ «የእኅታችን እናት» በሉ፣ እግዚአብሔር ያውቃታል። በዚያ ሰዓት አብዛኞቻችሁ ሥራ ላይ ናችሁ። ብረት ድስቱን እያጠባችሁም ቢሆን አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሉላት። እኅታችን ስልኳን ክፍት እንድታደርግ ማዳም ፈቅዳላታለች። ወሬው ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።